ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት

ኬሚ ከተማ፣ ጥር ወር፣ ወንዙ ጠጥሮ ዝም ሲል
የቤተ መጻሕፍቱን በር ዘግቼ ምድር ቤቱን እከፍታለሁ፤ ቁልፉ ከእኔ ዘንድ ይውላል።
ሐሙስ ማታ አራት ሰው ይወርዳል፣ በረዶውን ከጫማው አራግፎ፣
ካርታ ይዘረጋል፣ ተረት ይዘረጋል፣ ጠረጴዛ ተደግፎ፣
ባለ ሃያ ፊቷን ጠጠር በመዳፉ አቅፎ።

ቱሊኪ ቀን ጥርስ ነቃይ፣ ማታ ጠንቋይ ናት፣ ዐመለኛ፤
ቬሳ ቀን አውቶቡስ ይነዳል፣ ማታ ቀስተኛ፤
ኤሜሊ ገና ዐሥራ አምስት ዓመቱ፣ አጫዋቻችን፣ የዓለሙ ዳኛ።
ሬይዮም አለ፤ ሠላሳ ዓመት ከወረቀት ፋብሪካ ኖሮ
ፋብሪካው ሲዘጋ ቤቱ የገባ፣ አንድ ጆሮው ደንቁሮ።

ወሬ መጣ፦ የጨዋታው መጽሐፍ ሊታደስ ነው፣ ስድስተኛ እትም።
«ከጠፉት አውሬዎች የትኛው ይመለስ? ጻፉልን» ተባለ፤
ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም።

ቱሊኪ ተነሣች፦ «ባለ ሦስት ጉሮሮው ዘንዶ!
አንዱ እሳት የሚተፋ፣ አንዱ የሚያዜም፣ አንዱ የሚያነባ ተዋርዶ።
ባለፈው እትም አንድ ጉሮሮ አስቀሩለት፣ እሱንም ጉንፋን ይዞት፤
ይህ ዘንዶ ነው? የጋራዥ ማሞቂያ ነው፣ ክንፍ ሰክተውለት!»

ቬሳ፦ «ድልድይ ተሸካሚው፤ ገደል መሃል ቆሞ
ሰው በጀርባው የሚያሳልፍ፤ ሒሳብ አይጠይቅ፣ አይሳደብ፣ እንቅልፉን ይዞ፣ አጉረምርሞ።
ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ፤ እሱን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ኤሜሊ በር-መሳዩን አለ፦ «እጀታውን ስትይዘው እጅህን የሚይዝህ፣
ሳሎን መስሎ፣ ‹ግባ› ብሎ፣ ምንጣፉን አንጥፎ የሚውጥህ።»

ሬይዮ፦ «ጤዛ ላሺን።»

ዝም አልን። ቱሊኪ ሳቋ አመለጣት፦
«ጥፍር የለው፣ መርዝ የለው፣ ወርቅ አይጠብቅ፣
በጥፊ የሚሞት፣ ከድመት የማይልቅ፣
ሌሊት ሰይፍህ ላይ ያረፈውን ጤዛ ልሶ
ዝገት ትቶልህ የሚሄድ፣ ያ ልክስክስ? እሱን ብሎ ደግሞ!»

ከቦርሳው የመጀመሪያውን እትም አወጣ፣ ጀርባው በፋብሪካ ሙጫ የተያዘ፤
ገጽ መቶ ዐሥራ ሁለት፤ ዐሥራ ሁለት መስመር፤ ጥጉ በሾርባ የወዛ።
«በሱ የሞተ የለም» አለ። «ጠዋት ሰይፍህ አይመዘዝም፤ ትቀመጣለህ፤ ሌላ ምን ሥራ?
በአሸዋ ታሻዋለህ፣ ታወራለህ ከጓደኛህ ጋራ፤
ዘንዶው ይጠብቃል፣ የትም አይሄድ።
ሁሉ ገዳይ ከሆነ ግን፣ ደኑ ምኑን ደን ሆነ?
ዛፍ የበቀለበት ቄራ።»

እኔንም ጠየቁኝ። የኔ አውሬ ታትማ አታውቅም።
በአንዱ ቅጂያችን ኅዳግ ላይ አንድ ልጅ በእርሳስ ሥሏት ነበር፣
ጃንጥላ የሚያህል ጆሮ ያላት፣ እግሯ ያልተጨረሰ፤
ሁለት ማርክ ቀጣሁት ያኔ። ሥዕሏን በላጲስ ፈገፈግሁ፤
ጆሮዋ ግን እስከ ዛሬ አልደረሰ
ከወረቀቱ ወጥቶ። ባዶ ወረቀት አጥፌ ከፖስታው ጨመርሁ።

ግንቦት ላይ በረዶው በወንዙ ተሰነጠቀ፤ መጽሐፉም መጣ።
ዘንዶው ሁለት ጉሮሮ አገኘ፤ ቱሊኪ ደስታዋም ቁጣዋም እኩል ወጣ።
በር-መሳዩ ተመልሷል፣ እንዲያውም ደረጃ ወልዶ።
ድልድዩ ቀርቷል።
ሬይዮ ማውጫውን ሦስት ጊዜ በጣቱ ቁልቁል ወረደ፤
መነጽሩን አወለቀ፤ በሹራቡ ጠረገው፤ መልሶ አላደረገውም።

በዚያ ሐሙስ ኤሜሊ አመሸን፤ አሰፈረን፤ እሳት አስነደደን፤ አስተኛን።
«ነጋ» አለ። አዲሱን መጽሐፍ አልገለጠም፤ ጠጠርም አልወረወረ።
«ሬይዮ፣ ሰይፍህን ልትመዝ እጀታውን ያዝህ።
እርጥብ ነው።»

ሬይዮ ደህናውን ጆሮ አዘነበለ፦ «ምን አልህ?»

«እርጥብ ነው!» አለ ልጁ፣ ጮክ ብሎ።

ቬሳ፣ ቀስተኛው፣ አሸዋ ፍለጋ
ኪሱን ዳበሰ፤ የምሩን።